ስሟ እንዳይቀላ
ተማሪዎቹ «እትዬ ግቡ» ይሏታል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን የኮምፒውተር ክፍል ይዛ፣ በኢንተርኔት የሚማሩትን አርባ ልጆች የምትከታተለው እሷ ናት፤ ሥራዋም ከጠዋት እስከ ማታ እየደወሉ «ኧረ ግቡ! ትምህርቱ እናንተን አይጠብቅም!» ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ አንድ ጥሩ ደንብ ነበረው። አንድ ልጅ አሥር ቀን ሙሉ ትምህርቱን ካልከፈተ ስሙ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀላል፤ ስሙ የቀላ ልጅ ቤት ደግሞ አንድ መምህር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

እትዬ ግቡ ግን ቀይ ስም አትወድም። ቀይ ሲበዛ ርእሰ መምህሩ ፊት የምትቆመው እሷ ናት፤ ልጆቹም ላይ መዝገብ ይጻፍባቸዋል። ስለዚህ ከሁሉም ጎበዝ፣ ከሁሉም ዝምተኛ የሆነችው ልጅ ድንገት ስትጠፋባትና ስልኳም አልነሳ ሲል፣ በዘጠነኛው ቀን የልጅቷን የይለፍ ቃል አስገብታ ገባችላት። ልጆቹ ስለሚረሱ የሁሉም የይለፍ ቃል እሷ ጋ ነው። «አንድ ነገር ገጥሟት ይሆናል፤ ነገ ከነገ ወዲያ ብቅ ትላለች» አለች ለራሷ። በአሥራ ስምንተኛው ቀንም ገባችላት። በሃያ ሰባተኛውም። ገብቶ ዝም ማለት ስለማያምር ጥያቄውንም ሠራችላት። ክፋት አልነበረባትም፤ አጉል ደግነት ነው። አጉል ደግነት ደግሞ ከክፋት የሚሻለው ለሠሪው ብቻ ነው።

የማጠቃለያው ፈተና ግን ፊትን በካሜራ አሳይቶ ነው፤ ያልቀረበ ከመዝገብ ይሰረዛል። በፈተናው ዕለት ጠዋት ልጅቷ አልቀረበችም። ሰዓቱ ሲያልቅ ስሟ ተሰረዘ። እትዬ ግቡ ከሰዓት በኋላ አድራሻውን ከቅጹ ላይ ገልብጣ ሄደች።

በሩን የከፈተላት የልጅቷ አጎት ነው፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ የሚያሳድጋት እሱ ነው። በደንብ ተቀበላት።

«ምነው በሰላም? ጎበዝ ናት እያላችሁ በየሳምንቱ ትጽፉልኝ የለ እንዴ!» ስልኩን አውጥቶ አሳያት። «ልጅዎ ትምህርቷን በሚገባ እየተከታተለች ነው» ይላል፤ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚልከው መልእክት ነው። «ባለቤቴ መንታ ወልዳ ሰው ቸገረን። ልጅቷን ስልኳን ቀማኋትና ቤት ዋለች። ከዚያ መልእክቱ ሲመጣ፣ ለካ ያለ ስልክም ይማራሉ ብዬ ሳቅሁ» አለ፤ አሁንም ሳቀ።

ልጅቷ አንዱን ሕፃን ታቅፋ ከጓዳ ወጣች። ከስታለች።

«እትዬ፣ አሁን ነው የሚመጡት?»

«ልጄ፣ እኔ እኮ...»

«በአሥረኛው ቀን ታጥቤ፣ የትምህርት ቤት ልብሴን ለብሼ በሩ ጋ ተቀመጥኩ። አጎቴ ደብዳቤ ይፈራል፤ ማኅተም ካየ ይለቀኛል ብዬ። ማንም አልመጣም። በሃያኛው ቀንም ለበስኩ። በሠላሳኛውም። ከቤት መጥፋት አቅቶኝ መሰለዎት? ይመጣሉ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።»

እትዬ ግቡ ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነው ብትል ማንም ያምናታል።

«እኔ ነኝ» አለች። «ስምሽ እንዳይቀላ ብዬ፣ በአንቺ ስም ስገባልሽና ጥያቄውን ስሠራልሽ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

አጎትየው መሳቁን አቆመ። ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ።

«አሁንስ ደብዳቤው አይመጣም?» አለች ልጅቷ።

«ደብዳቤው የሚላከው ለተማሪ ነው። ዛሬ ጠዋት ተሰርዘሻል፣ ልጄ።»

ልጅቷ የሕፃኑን ጀርባ መታ መታ አደረገች።

«እስከዚያ ስንት አምጥቼ ነበር?»

«ዘጠና ሁለት» አለች እትዬ ግቡ።

«እኔ ብሠራው ከዚያ በላይ አመጣ ነበር» አለች ልጅቷ፤ ሕፃኑን እያባበለች ወደ ጓዳ ተመለሰች።