የላይ ሰፈር ውሃ

ላይ ሰፈር ቧንቧው ከደረቀ ወራት አልፈዋል። ሰፈሩ ዳገት ላይ ስለሆነ ድሮም ውሃው እየተለመነ ነበር የሚወጣው፤ አሁን ግን ቧንቧ ሲከፈት ትንፋሽ ብቻ ሆነ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ንዴቱን የሚወጣበት አላጣም። የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱ ሩቅ ነው፣ ሥራ አስኪያጁ በአካል አይገኝም፤ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ የሆነችው እሷ ግን እዚያው መሃላቸው ትኖራለች። ጠዋት የደንብ ልብሷን ለብሳ ከበር ብቅ ስትል፣ ጀሪካን የደረደሩት ሴቶች አይምሯትም።

«የእኛ ውሃ፣ ደህና አደርሽ! ዛሬ ደግሞ የማንን ቧንቧ ልታደርቂ ነው?»

ትስቃለች። ምን ታድርግ? ሥራዋ መሬት ውስጥ የሚባክነውን ውሃ ማደን ነው። ረጅም የብረት ዘንግ አላት፤ አንዱን ጫፍ ቧንቧው ላይ አሳርፋ ሌላውን ከጆሮዋ ታስጠጋለች። ጤነኛ መስመር እምብዛም አይናገርም። የተቀደደው ግን ያፏጫል፤ ሲብስበትም እንደሚፈላ ድስት ይንተከተካል። ታላቅ ወንድሟ በዚህ የተነሣ «ሐኪሜ» ይላታል።

ወንድሟ ለእሷ ወንድም ብቻ አልነበረም። አባታቸው የሞተው እሷ ፊደል ሳትለይ ነው። እሱ ትምህርቱን አቋርጦ ቧንቧ ሠራተኛ ሆነ፣ እሷን አስተማረ። ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ ቱታውን እንደለበሰ የሚመጣው እሱ፣ ተመርቃ ስትቀጠር እናታቸውን አቅፎ እንደ ሕፃን ያለቀሰው እሱ። «ጋሼ» ስትለው አፏን ሞልታ ነው። በቅርቡ ደግሞ ኑሮ ቀና ብሎለት የውሃ ቦቴ መኪና ገዝቷል። ከከተማው ውጭ ካለ የግል ጉድጓድ እየቀዳ ውሃ ለጠፋባቸው ሰፈሮች ይሸጣል።

ለእናታቸው ግን በነጻ ነው። ቦቴው በር ላይ ቆሞ በርሜሎቹን ሲሞላ እናትየው ምርቃቱን ታዘንበዋለች። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞር ትልና፣ «የውሃ ቤት ሠራተኛ ወልጄ፣ ውሃ የሚያጠጣኝ ሌላው ልጄ ሆነ!» ትላለች። ቀልድ ነው፤ ግን ትንሽ ያማል።

«ተያት እማዬ፣ ሐኪሜ ትለፋለች» ይላል እሱ። ከዚያ ማዕድ ላይ ተቀምጦ፣ «እህስ፣ በሽተኛው ተገኘ? ነገስ በየት በኩል ናችሁ?» ብሎ ይጠይቃታል።

ታወራለታለች። ከመሥሪያ ቤቷ ውጭ ስለ ግፊትና ስለ ቫልቭ ሳይሰለች የሚሰማት ሰው እሱ ብቻ ነበር። ወደ ከተማው ከሚገፋው ውሃ ግማሽ የሚጠጋው የት እንደሚገባ አይታወቅም፤ መስመሩን ከፋፍለው በየተራ እየዘጉ ሲለኩ ደግሞ የሚለኩት ክፍል ጤነኛ ይሆናል። ወደ ሌላው ሲዛወሩ ያ የተዉት ክፍል ተመልሶ ይታመማል። «ጋሼ፣ ውሃው የሚያየን ነው የሚመስለው!» አለችው አንድ ቀን። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

መሥሪያ ቤት ግን የሚስቅ አልነበረም። አለቃዋ ቢሮው ጠራት። በሩን ዘጋና፣ «ይኼ ቀዳዳ አይደለም። ሌባ ነው» አላት። «የት እንደምትውሉ አስቀድሞ የሚያውቅ ሌባ። ከቡድንሽ ወሬ የሚያወጣ ሰው አለ።»

ቡድኗ ትንሽ ናት። እሷ፣ ሁለት ቆፋሪዎች፣ ሹፌሩና ባለቁልፉ። ባለቁልፉ ቫልቮችን የሚከፍተውና የሚዘጋው ጎልማሳ ነው፤ ቁመቱን የሚያህል የብረት ቁልፍ ትከሻው ላይ ስለማይጠፋ ስሙን የሚጠራው የለም። ቃል የማይበዛበት፣ ስልኩ ሲጮህ ግን ራቅ ብሎ ሄዶ የሚያወራ ሰው ነው። የሚዘጋውን ክፍል አስቀድሞ የሚያውቀው ደግሞ እሱና እሷ ብቻ ናቸው።

ማታ ነገሩን ለወንድሟ አማከረችው። ሹካውን አስቀምጦ ብዙ አሰበ።

«እኔ እንኳ ሰው አላማም» አለ። «ግን ስልክ ይዞ የሚሸሽ ሰው… እንጃ ሐኪሜ። አንቺ ታውቂያለሽ።»

በማግስቱ ባለቁልፉን ሰው ፊት ጠየቀችው። «ለማን ነው የምትደውለው?» አለችው፣ ድምፅዋ ከፍ ብሎ። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ይዘው ቀጥ አሉ። ባለቁልፉ ፊቱ ደም መሰለ።

«ሚስቴ ታማለች» አለ። «ለእሷ ነው የምደውለው።»

አላመነችውም። ለአለቃዋ ስሙን ሰጠች፤ ሳምንት ሳይሞላ ከከተማው ግርጌ ወዳለው የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ አዛወሩት። ሲሄድ ቁልፉን መኪናው ጎን አስደግፎ ሄደ። አልተሰናበታትም።

ብክነቱ ግን አልቆመም።

አንድ ማለዳ ቡድኑ ታች ሰፈር ሊለካ ተነሣ። ለወንድሟም እንደ ልማዷ ነግራው ነበር። መንገድ ላይ ሳሉ ግን የገበያው ዋና ፍሳሽ መስመር ተዘግቶ ቆሻሻው በክዳኑ እየገነፈለ መንገዱን እንዳጥለቀለቀው ተነገራቸው። መኪና አያልፍም። ቀኑን በከንቱ ከምናሳልፍ ብላ ሹፌሩን በመጋዘኖቹ በኩል አስዞረችው። እዚያ ጋ ወደ ላይ ሰፈር የሚወጣው ትልቁ ቧንቧ ያልፋል። ከዚህ ቀደም ለክተውት ጤነኛ ተብሎ የታለፈ ነው።

ዘንጓን አሳረፈችና ጆሮዋን ሰጠች። ወዲያው ደንግጣ ቀና አለች። ፉጨት አልነበረም፤ ወንዝ ነው። ጥቂት ራመድ እያለች ደግማ ደጋግማ አዳመጠች። ድምፁ የአንድ አሮጌ መጋዘን አጥር ጋ ሲደርስ ጎላ፤ ከዚያ ሲያልፉ ደከመ። ቆፋሪዎቹ አስፋልቱ ዳር ያለውን አፈር ገለጥ ሲያደርጉ አዲስ፣ ወፍራም ቅጥያ ቧንቧ ብቅ አለ። ሥራው ንጹሕ ነው። በአጥሩ ሥር ሾልኮ ወደ ውስጥ ይገባል።

የመጋዘኑን በር አንኳኳች። የከፈተው የወንድሟ ቦቴ ሹፌር ነበር። ሲያያት በሩን መልሶ ሊዘጋው ሞከረ።

ገፋ አድርጋው ገባች። ቦቴው ግቢው መሃል ቆሟል። ጋሼ እላዩ ላይ ወጥቶ ወፍራሙን የውሃ ጎማ ይዞ ቦቴውን ይሞላል። ጀርባውን ነበር የሰጣት።

«ማነው?» አለና ዞረ። ያኔ አያት። «አንቺ… ዛሬ ታች ሰፈር አልነበራችሁም እንዴ?»

የምትጠይቀው ሁሉ በዚያች ቃል አለቀ። ማዕድ ላይ የነገረችው አንድ በአንድ መጣባት፤ የትኛው ቀን፣ የትኛው መስመር፣ ማን እንደሚዘጋ። የቦቴውን የፊት መከላከያ ብረት ይዛ ቆመች።

ወረደ። እጁ እንደረጠበ ሊይዛት ሲል ወደ ኋላ አለች።

«ስሚኝ፣ ልንገርሽ። ጉድጓዱ ደረቀብኝ። መኪናው ቆመ። ለትንሽ ጊዜ ብዬ ነው፣ እውነቴን ነው…»

«ባለቁልፉንስ?»

«ምን?»

«ባለቁልፉን ስሰጣቸው እኮ አየኸኝ ጋሼ። ሹካህን አስቀምጠህ አሰብክ። አስበህ ነው የነገርከኝ።»

ከአጥሩ ውጭ የቆፋሪዎቹ ድምፅ ተሰማ። እሱም ሰማው፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ቀዳዳ ነው በያቸው። አንቺ ካልሽ ማን ይጠይቃል? ዛሬውኑ እነቅለዋለሁ። ለእማዬስ ስትይ! በርሜሏ ባዶ ሆኖ ያውቃል?»

«ከእማዬ ቧንቧ ወስደህ ነዋ የምታጠጣት!» ጮኸች። «እሷ ትመርቅሃለች፣ እኔን ሰፈሩ ሁሉ ይሰድበኛል፤ አንተ መሃል ተቀምጠህ ‹ሐኪሜ ትለፋለች› ትላለህ!»

«ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ» አለ። ልመና ነበር፤ ግን እንደ ቀረበባት ክስ ነው የተሰማት።

«አውቃለሁ» አለች። «ባታሳድገኝ ይሻል ነበር እስክል አታድርሰኝ።»

ወጥታ ለአለቃዋ ደወለች። የማን መኪና እንደሆነ ሲጠይቃት፣ «የወንድሜ» አለች።

ቅጥያው ተቆርጦ ቀዳዳው በተደፈነ በሦስተኛው ቀን የላይ ሰፈር ቧንቧዎች ማሳል ጀመሩ። መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ዝገት የመሰለ ውሃ፣ በመጨረሻ ጥርት ያለው መጣ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ አንዷ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። ቤት ስትገባ ግን እናቷ የራሳቸውን ቧንቧ እንዳልከፈተች አየች። ከታች ሰፈር በጀሪካን አስመጥታለች።

«እማዬ፣ እኮ መጥቷል።»

«ልጄን አሳስረሽ ያመጣሽውን ውሃ አልጠጣም» አለች እናትየው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ወንድሟ ተፈረደበት፤ ቦቴውም ተወረሰ። እናቷ በየሳምንቱ ትጠይቀዋለች። እሷም አንዴ ሄዳ ነበር፤ ሊያያት አልፈለገም።

የባለቁልፉን ስም ያጠፋችው ሰው ፊት ስለነበር የመለሰችውም ሰው ፊት ነው። ጠዋት ሠራተኛው በተሰበሰበበት ቆማ፣ «ወሬው የወጣው ከእኔ አፍ ነው፤ እሱ ንጹሕ ነው» አለች። እሱ ግን አልነበረም። ስለዚህ ወደ ማጣሪያው ጣቢያ ወረደች።

ፍሳሹ የሚገባበት ወንፊት ላይ ቆሞ፣ የተጠላለፈ ጨርቅና ፕላስቲክ በረጅም መንጠቆ ሲያወጣ አገኘችው። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ይቅርታዋን እስክትጨርስ ሥራውን አላቆመም።

«ሰምቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ስለ ወንድምሽም ሰማሁ። አዝናለሁ።»

«ወደ ቡድኑ ተመለስ። አለቃው ፈቅዷል።»

መንጠቆውን ወንፊቱ ላይ አስደግፎ ጓንቱን አወለቀ። ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጣኝ ይሻል ነበር ብላ አሰበች።

«ብትጠረጥሪኝ ምንም አይደለም። ሥራ ነው» አለ። «ግን ያን ሁሉ ዓመት አብረን ውለን፣ ሚስቴ ታማለች ስልሽ ‹ምኗን?› አላልሽኝም።»

አንገቷን ደፋች። «ምኗን ነው?» አለች፣ ቀስ ብላ።

ከበስተጀርባቸው ውሃው በወንፊቱ እያለፈ ይጮሃል።

«ኩላሊቷን» አለ። ከዚያ ጓንቱን መልሶ አጠለቀና ወደ ሥራው ዞረ። እሷም አልሄደችም፤ ሲነግራት ልትሰማ እዚያው ቆመች፤ እሱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ መናገር ጀመረ።