አስራ ስድስተኛው መስመር

እኔ ሩጫን የማውቀው በወለሉ በኩል ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሃርሎ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ኮሪደር ወልውያለሁ፣ ሰም ቀብቻለሁ። ከኅዳር ጀምሮ ከአጠገባችን ካለው ሐይቅ የሚነሳው ንፋስ በረዶውን ሲደፋብን ልጆቹ ውጭ መሮጥ አይችሉም። ጣሪያ ያለው መሮጫ ደግሞ የለንም። ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ ነው የሚለማመዱት። ከጂምናዚየሙ በር ተነስተው እስከ ምግብ ቤቱ ይሮጣሉ፤ ጫፍ ሲደርሱ ግድግዳውን በእጃቸው ገፍተው ይመለሳሉ። የእጃቸው እድፍ ግድግዳው ላይ ይቀራል። እሱንም የማጸዳው እኔ ነኝ።

ልጄ ቴሳ ከነሱ አንዷ ናት።

«እማ፣ ዛሬ ሰም እንዳትቀቢ። የፍጥነት ልምምድ አለን» ትለኛለች።

«ሰም በቀኑ ነው የሚቀባው። እናንተ ቀን ቀይሩ።»

«ግትር!»

«ከማን የወረስሽው መሰለሽ?»

ቴሳ ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃን ትጨርሳለች። ሦስት ዓመት ሙሉ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ በስቴቱ ሻምፒዮና ላይ ሦስት ሺህ ሜትር መሮጥ። ከወረዳችን የምትሄደው አንድ ልጅ ብቻ ናት፣ አንደኛ የወጣችዋ። አምና ቴሳ በሁለት ሴኮንድ ተቀደመች። ማታውን ራት ሳትበላ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ስትንሰቀሰቅ አደረች። እናት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከዚህ በላይ አልነግራችሁም።

የዘንድሮው የወረዳ ውድድር የካቲት ላይ በኮሌጁ አዳራሽ ነበር። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ዙር የሚቆጥር አንድ ትልቅ ሰው ያመጣል። በኛ በኩል ተራው የኔ ሆነ። እኔ ደግሞ ትምህርቱን ዘጠነኛ ክፍል ላይ የተውኩ ሰው ነኝ። አሰልጣኙን «ሌላ ሰው ፈልግ፣ እኔና ቁጥር አንዋደድም» አልኩት። «እስከ አስራ አምስት መቁጠር ያቅትሻል?» አለኝ። እሱማ አያቅተኝም።

ሥራው ይሄ ነው። መሮጫው ሁለት መቶ ሜትር ስለሆነ ሦስት ሺሁ አስራ አምስት ዙር ይመጣል። ለአንድ ቆጣሪ አንዲት ልጅ ትሰጠዋለች። አስራ አምስት መስመር የታተመበት ወረቀትና ላጲስ ያለው እርሳስ ይይዛል። ልጅቷ መስመሩን ባለፈች ቁጥር ትልቁን ሰዓት አይቶ ይጽፋል። የራስን ልጅ መቁጠር ክልክል ነው። ሲያልቅ ወረቀቶቹ ካርቶን ውስጥ ይጣላሉ፤ ጠብ ካልተነሳ በቀር ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። ሯጮቹ የሚያዩት ካርዱን ነው። አንዲት መምህርት መስመሩ ዳር ቆማ፣ መሪዋ ባለፈች ቁጥር የቀረውን ዙር ቁጥር ትገልጣለች። አንድ ሲቀር ደወል ይደወላል።

ሯጮቹ በሰዓታቸው ለሁለት ምድብ ይከፈላሉ፤ አሸናፊዋ የሁለቱም ምድብ ሰዓት ተነጻጽሮ ነው የምትለየው። የዕለቱ ትንበያ መጥፎ ስለነበር ፈጣኑን ምድብ አስቀደሙት፤ ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች በረዶው መንገድ ሳይዘጋ እንዲሄዱ። ቴሳ እዚያ ውስጥ ነበረች። እኔ የሌላ ሰው ልጅ እየቆጠርኩ በጎን ዓይኔ የኔዋን አየኋት። ሁለት ዙር ሲቀር ፈትለክ ብላ ወጣች። አስር ደቂቃ ከአስራ አራት ሴኮንድ። አንደኛ! ወረቀቴን ይዤ ዘለልኩ። ከደካማው ምድብ የሚቀድማት አይኖርም ብለው ሜዳሊያውን ወዲያው አጠለቁላት፣ አሰልጣኟ አቀፋት። እሷ ከሩቅ ሆና ሁለት እጇን ወደኔ ዘረጋች። ልቤ ሞልቶ ፈሰሰ።

ደካማው ምድብ ሲሰለፍ አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነበር። ሰው ካፖርቱን ይለብሳል፣ ፒዛውን ይጨርሳል። እዚህ ምድብ የሚገቡት ሰዓታቸው የዘገየ ወይም ጭራሽ ሰዓት የሌላቸው ናቸው። አጠገቤ የተቀመጠው ቆጣሪ ሩዲ የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የሱም ልጅ ሯጭ ናት።

«በርቺ ጀኒን፣ ይሄኛው ምድብ እንደ ቀብር ሰልፍ ቀርፋፋ ነው» አለኝ። «እንቅልፍ ቢወስድሽ አልናገርም።»

ለኔ የተሰጠችኝ አንድ መቶ አስራ ሰባት ቁጥር ነበረች። ዊኒ ካልድዌል ትባላለች። ከወይን እርሻዎቹ ወዲያ ካለች ትንሽ ትምህርት ቤት ብቻዋን የመጣች ቀጭን ልጅ ናት። በበረዶ ምክንያት ውድድሮቻቸው ሁሉ ስለተሰረዙ አንድም የተመዘገበ ሰዓት የላትም። ካናቴራዋ ለሁለት ሰው ይበቃል።

ሽጉጡ ተተኮሰና ልጅቷ ሁሉንም ጥላ ተፈተለከች።

«ኧረ ይቺ ልጅ አብዳለች!» አለ ሩዲ። «ሦስተኛው ዙር ላይ ትወድቃለች፣ በፒዛዬ እወራረዳለሁ።»

ሠላሳ ስምንት ሴኮንድ ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ አንድ ደቂቃ ከአስራ ሰባት። ቀጥሎ አንድ ከሃምሳ ስድስት። ሦስተኛው አለፈ፣ አልወደቀችም። አምስተኛው አለፈ። ፊቷ ላይ ምንም የለም፤ ደብዳቤ ለማድረስ የተላከች ነው የምትመስለው። ሩዲ ፒዛውን ጭኑ ላይ ረስቶታል።

ስምንተኛው ዙር ላይ ተጠጋግተው የሚሮጡት የቀሩት ልጆች ላይ ከኋላ ደረሰችባቸው። ገና በግማሽ መንገድ አንድ ሙሉ ዙር ልትደርብባቸው ነው። ስድስት ሰባት ሆነው በአንድ ላይ መስመሩን ሲያልፉ እሷ በመሀላቸው ተሸጉጣ ነበር። እኔ የማየው እሷን ብቻ ስለሆነ አየኋት፤ አምስት ደቂቃ ከአስር ብዬ ጻፍኩ። ካርድ ገላጯ ግን አላየቻትም። አልፈርድባትም፤ መሪዋ ከኋለኞቹ መሀል ትገኛለች ብሎ የሚጠብቅ ማን አለ? ካርዱን ይዛ «አሁን ትመጣለች» እያለች አንገቷን አሰገገች።

በሚቀጥለው ዙር ልጅቷ ብቻዋን ቀድማ መጣችና ካርዱ ተገለጠ። ሰባት ይላል። የኔ ወረቀት ላይ ያለው ዘጠኝ መስመር ነው። በጣቴ ደመርኩ። ዘጠኝና ሰባት፣ አስራ ስድስት።

«ሩዲ፣ ካርዱ ተሳስቷል።»

«ካርዱ? ወይስ አንቺ?»

«አስራ አምስት ነው የሚሮጡት፣ አይደል?»

«ጀኒን፣ እሷ የሒሳብ መምህርት ናት። አንቺ ደግሞ...» አለና የቀረውን ዋጠው።

የዋጠው ነገር ገብቶኛል። ደግሞ እውነት ለመናገር እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ። ተነስቼ መጮህ ነበረብኝ፤ አልጮህኩም። እስከ ዛሬ ያ ይከነክነኛል። ዝም ብዬ መጻፉን ቀጠልኩ።

ዘጠኝ ደቂቃ ከአርባ አንድ ብዬ ስጽፍ መስመሩ አለቀብኝ። አስራ አምስቱም ሞልቷል። በዚያችው ቅጽበት ደወሉ «ቃ! ቃ! ቃ!» አለ፤ አንድ ዙር ይቀራል ማለት ነው። ከወረቀቱ ግርጌ በእጄ አንድ መስመር አሰመርኩ፤ ስለተቻኮልኩ ጠማማ ሆነ። ልጅቷ ዞራ መጣች። አስር ደቂቃ ከአስራ ዘጠኝ።

ጭብጨባው ቀለጠ። ከደካማው ምድብ ተነስታ በአምስት ሴኮንድ ብቻ ከቴሳ ዘግይታ ሁለተኛ ወጣች! ሰው ከበር እየተመለሰ «ማን ናት? ማን ናት?» ይላል። እነሱ በዚህ ነው የደነገጡት። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው።

ዊኒ ወገቧን ይዛ ስታለከልክ ቆየችና ወደኔ መጣች።

«ስለቆጠሩልኝ አመሰግናለሁ፣ እትዬ» አለችኝ። «መጨረሻው በጣም ረዘመብኝ። እኔ እንጃ፣ ሰነፍኩ መሰለኝ።»

ወረቀቱን ጭኔ ላይ ደፋሁት። ካፖርቷን አንስታ ሄደች።

ሩዲ ወረቀቱን ካርቶኑ ውስጥ ጣለ። «አምጪው የአንቺንም» አለኝ። አልሰጠሁትም።

መስመሮቹን በጣቴ ቆጠርኩ። አስራ ስድስት። እንደገና ቆጠርኩ። ምናልባት አንዱን ዙር ሁለቴ ጽፌው እንደሆነስ? ግን ሁለቴ ጽፌው ቢሆን በሁለት ሰዓቶች መሀል ያለው ክፍተት አንድ ቦታ ያጥር ነበር። አንድ በአንድ ሄድኩባቸው፤ ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ እስከ ታች ድረስ። አንድም ያጠረ የለም። ልጅቷ አንድ ዙር ትርፍ ሮጣለች። ሦስት ሺሁን የጨረሰችው በዘጠኝ ደቂቃ ከአርባ አንድ ነው፤ ልጄን በሠላሳ ሦስት ሴኮንድ በልጣ።

እርሳሱ ጫፍ ላይ ላጲስ አለ። የማጠፋው ያቺን አንዲት ጠማማ መስመር ብቻ ነው። ሳላጠፋውም ወረቀቱን ካርቶኑ ውስጥ ብጥለው ማን ያየኛል? ማዶ ቴሳ ሜዳሊያዋን እየነከሰች ከጓደኞቿ ጋር ፎቶ ትነሳለች። ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ ጥሩ ሰው ናት ብላችሁ እንዳታሞግሱኝ ነው። እጄ ወደ ካርቶኑ ሄዶ ነበር።

ግን «ሰነፍኩ መሰለኝ» አለችኝ እኮ። ከሁሉ ያ ቃል ነው የፈጀኝ።

ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ ሄድኩ። ዋና ዳኛው ሚስተር ሃብሊ ይባላሉ፤ ረጅም ሽማግሌ ናቸው።

«ቁጥር አንድ መቶ አስራ ሰባት አንድ ዙር ትርፍ ሮጣለች» አልኳቸው።

«ወይዘሮ ፓቭሊክ፣ ቀኑ ረጅም ነበር። ይሂዱና ይረፉ።»

«አልደከመኝም። ወረቀቱን ይዩት።»

አዩት። ሳቅ አሉ። «ዘጠኝ ከአርባ አንድ? የዚህ ውድድር ክብረ ወሰን እኮ ዘጠኝ ከሃምሳ ሁለት ነው። አስራ አንድ ዓመት ማንም አልነካውም። አንድ መስመር ጨምረው ነው እንጂ።»

«ከጨመርኩ የቱ ጋ ነው የጨመርኩት? ያሳዩኝ።»

«ወይዘሮ፣ አውቶቡሶች እየጠበቁ ነው...»

«ይጠብቁ! የቱ ጋ?» ጠረጴዛውን በእጄ መታሁት፤ የአንዱ ዳኛ ቡና ተደፋ። ልማዴ ሆኖ በመሀረቤ ጠረግኩት። ከቦታዬ ግን ንቅንቅ አላልኩም።

ሰውዬው መነጽራቸውን አድርገው ከላይ ጀምረው አንዱን ሰዓት ከሚቀጥለው እየቀነሱ ልዩነቱን ጎን ለጎን ጻፉ። ስምንተኛው ጋ ሲደርሱ ሳቃቸው ጠፋ። አስራ ሁለተኛው ጋ ሲደርሱ ቁጭ አሉ። ከዚያ ካርቶኑ ይምጣ አሉና የሌሎቹን ልጆች ወረቀቶች ከኔው ጋር አስተያዩ። ካርድ ገላጯንም ጠሯት።

«ስምንተኛው ዙር ላይ፣ እነዚያ በአንድ ላይ ሲያልፉ፣ ካርዱን ገልጠሻል?»

ሴትዮዋ አሰበች። ቀስ በቀስ እጇ ወደ አፏ ሄደ። «መሪዋ ገና አልመጣችም ብዬ...» አለችና እንባዋ መጣ።

አራት ዳኞች አንዲት ቆሻሻ ወረቀት ከበው አጎነበሱ።

«የዚህ ውሳኔው ምንድነው?» አልኩ። «ዙሩን የሳትነው እኛ ነን። እሷን ታስከፍሏታላችሁ?»

«አናስከፍላትም» አሉ ሚስተር ሃብሊ። «በሕጉ የአስራ አምስተኛው ዙር ሰዓት ይያዛል። ወይዘሮ ፓቭሊክ... አንደኛ የወጣችው የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃሉ?»

«ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

በድምፅ ማጉያው ተነገረ። «ዘጠኝ ደቂቃ ከአርባ አንድ» ሲባል ማንም አላጨበጨበም፤ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ደግመው ተናገሩት። ያን ጊዜ ሩዲ በአድናቆት «ውሸት!» ብሎ ጮኸና በጭብጨባው ጣሪያው ሊወርድ ደረሰ። ዊኒ ከበሩ አጠገብ አንድ እግሯን የበረዶ ቦቲ ውስጥ ከትታ፣ ሌላውን በካልሲ እንዳለች ደርቃ ቆመች። «ሌላ ዊኒ አለች እንዴ?» ስትል ሰምቻታለሁ።

ቴሳ መጣች። ፊቷ ወረቀት መስሏል።

«አንቺ ነሽ የነገርሻቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ባትነግሪያቸው ማንም አያውቅም ነበር?»

«ማንም።»

ሜዳሊያውን ከአንገቷ አወጣችና መዳፌ ላይ ጣለችው። «እንግዲያው አንቺው ስጪያት።»

ሰጠኋት። በሕይወቴ ከተሸከምኩት ሁሉ ያቺ ቁራጭ ብረት ከበደችኝ።

ስንመለስ በረዶው መስታወቱን ይደበድባል። ቴሳ በመስኮት በኩል ዞራ ተቀምጣለች። ከተማውን አለፍን፣ የነዳጅ ማደያውን አለፍን። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ ምን ብዬ?

«እስከ ሰኞ አላናግርሽም» አለች በመጨረሻ።

«እሺ።»

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ደግሞ፣ «ዙር በዙር ስንት ስንት ነበር?»

ወረቀቱ ከዳኞቹ ጋር ቀርቷል። ግን ያን ያህል ጊዜ ቆጥሬው እንዴት ይረሳኛል? «ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ዘጠኝ። ሠላሳ ዘጠኝ። ሠላሳ ዘጠኝ። ሠላሳ ስምንት...» እያልኩ እስከ አስራ አምስተኛው ቆጠርኩላት። እጆቿ ጭኗ ላይ ሆነው ጣቶቿ አብረው ይቆጥራሉ።

«አስራ ስድስተኛውስ? ትርፉ?»

«ሠላሳ ስምንት።»

ወደኔ ዞረች። ዓይኖቿ ፈጠዋል። «ሦስት ሺህ ጨርሳ? በዚያ ፍጥነት ጨርሳ ሌላ ሠላሳ ስምንት?»

«ማለቁን ማን ነገራት?»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ታልቅስ ትሳቅ አልገባኝም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። የበረዶ መጥረጊያ መኪናው ቀድሞን አለፈ።

«እማ።»

«አላናግርሽም አላልሽም?»

«ዝም በይ። ከመጀመሪያው ጀምረሽ ድገሚልኝ።»