ለምርቃት ብቻ የተፈለጉት ሰው

ንዴቴ እስካሁን አልበረደም፤ ረጋ ብዬ ልናገር ብልም አይሆንልኝም።

ነገሩ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ነው። ለንግድ ሳይሆን ለራሳቸው ደስታ በሬዲዮ ከሩቅ አገር ሰው ጋር ለሚነጋገሩ የሚሰጥ ፈቃድ። ለማን ይሰጥ የሚል ረቂቅ መመሪያ ተዘጋጅቶ፣ አቶ ደረጄ የሚባሉ ኃላፊ ሊያወያዩን ከአዲስ አበባ ደብረ ታቦር ድረስ መጡ። የዩኒቨርሲቲ መምህርት ስለሆንኩ እኔም ተጠራሁ፤ ጋሽ ገሰሰን ይዤ ሄድኩ።

ጋሽ ገሰሰ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጦር ሠራዊት የሬዲዮ መገናኛ ሠርተው፣ አሁን ጉና ተራራ ሥር ድንችና ገብስ ያመርታሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ የሬዲዮ ክበባችንን ተማሪዎች ያሠለጥናሉ። እኔ የኤሌክትሮኒክስ ዲግሪ አለኝ፤ በሬዲዮው ጫጫታ መሀል የሰው ድምፅ ለይቶ መስማትን ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው። ምኞታቸው አንድ ነው፤ ከመሞታቸው በፊት በራሳቸው ስም፣ በሕግ ተፈቅዶላቸው፣ በሬዲዮ መናገር።

ረቂቁ ሲነበብ አንቀጽ ስድስት «አመልካች በሙያው ዲግሪ ያለውና በእንግሊዝኛ የሚሰጠውን የጽሑፍ ፈተና ያለፈ መሆን አለበት» ይላል። ጋሽ ገሰሰ እጃቸውን አወጡ። አቶ ደረጄ የተሰብሳቢዎችን ስም ዝርዝር ገለጥ አደረጉ። የትምህርት ደረጃ በሚለው ቦታ ጋሽ ገሰሰ አሳምረው «ስድስተኛ ክፍል» ብለው ጽፈዋል።

«አባባ፣ ሃሳብ የሚሰጡት ባለሙያዎች ናቸው። እርስዎ በታዛቢነት ይከታተሉ።»

«የኔን ተራ ይውሰዱ» ብዬ ተነሳሁ።

«ተራ አይተላለፍም፣ መምህርት» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ጋሽ ገሰሰ ግን ቀሚሴን ሳብ አድርገው አስቀመጡኝ። ቀጥሎ ዕድል የተሰጠው አስናቀ የሚባል መሐንዲስ ነበር። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ «አማተር ሬዲዮ ማለት ዘፈን የሚለቀው ኤፍ ኤም ነው?» ብሎ ጠየቀ። ቀጥሎም አንቀጽ ስድስትን እንደሚደግፍ ተናገረ። ይህ በቃለ ጉባኤ ተጻፈለት። ጋሽ ገሰሰ እጃቸውን ሁለት ጊዜ ደግመው አወጡ፤ ያየላቸው የለም።

ስብሰባው ሊዘጋ ሲል አቶ ደረጄ ፈገግ ብለው ወደ ጋሽ ገሰሰ ዞሩ። «እንደ ባህላችን ታላቃችን መርቀው ይዝጉልን» አሉ።

ሁላችንም ተነስተን እጃችንን ዘረጋን። ጋሽ ገሰሰ ከወንበራቸው አልተነሱም።

«አልመርቅም» አሉ።

በእኛ አገር ልጁ የተገደለበት አባት እንኳ በዕርቅ ቀን ይመርቃል። ሽማግሌ ምርቃት ሲከለክል አይቼ አላውቅም።

«ምን አጠፋን፣ አባባ?» አሉ አቶ ደረጄ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው፣ ልጄ። ለሃሳብ አትበቃም አልከኝ። ያልበቃ ሰው ምርቃት ምን ያደርግልሃል? ዲግሪ ያለው ይመርቃችሁ።»

ሰው ሁሉ ወደ አስናቀ አየ፤ አስናቀ አቀረቀረ። እጃችን እንደተዘረጋ ቀረ። በመጨረሻ አቶ ደረጄ «እስቲ ተቀመጡ» አሉን። ወደ ጋሽ ገሰሰ ዞረው «ይናገሩ» አሉ።

ጋሽ ገሰሰ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ፈተናውን አቅልሉልኝ አላልኩም። አክብዱት። ግን በማውቀው ቋንቋ፣ ሬዲዮው ፊት አስቀምጣችሁ ፈትኑኝ። ብወድቅ በሥራዬ ልውደቅ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሌላ ሰው ቃል ሳስተላልፍ ኖሬ፣ ዛሬ የራሴን ቃል ለመናገር ይህን ያህል መለመኔ አሳፍሮኛል።»

አቶ ደረጄ ቃለ ጉባኤ ያዡን «አንድም ቃል ሳትቀር ጻፋት» አሉት። ከዚያ ቆመው እጃቸውን እንደገና ዘረጉ፤ እኛም ተነሳን።

«አሁንስ ይመርቁናል?»

ጋሽ ገሰሰ ጋቢያቸውን አጣፉ። «ፈቃዱን በእጄ የሰጣችሁኝ ቀን እመርቃለሁ» አሉ፤ «እስከዚያ እግዜር ካቆየኝ።»

ያለ ምርቃት ተበተንን።