ነገረ ፈጁ አጎቴና የልብስ ሰፊዋ ቤት

አጎቴ የማዘጋጃ ቤት ነገረ ፈጅ ሆኖ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። ከተማው ሲከሰስ ካባውን አጥልቆ የሚቆመው እሱ ነው። የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች «ቀጠሮ» ይሉታል፤ ተከራክሮ ሳይሆን አስረዝሞ ነው የሚያሸንፈው። ሰነድ አልደረሰንም ይላል፣ ምስክራችን ታመመ ይላል፤ ከሳሹ ወይ ይሰለቻል ወይ ይሞታል፣ መዝገቡም ይዘጋል። አለቆቹ በየዓመቱ የምስጋና ወረቀት ይሰጡታል። እናቴ ሁሉንም በመስታወት አስገብታ ሳሎን ሰቅላቸዋለች።

አንዲት ልብስ ሰፊ ከተማውን የከሰሰችው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ለመንገድ ሥራ መፍረስ የነበረበት ከእሷ ጀርባ ያለው መጋዘን ነበር። የሚፈርሱ ቤቶች ላይ ምልክት የሚያደርገው ሠራተኛ በጓሮ በኩል ገባና ቀዩን ቀለም የእሷ ግድግዳ ላይ ቀባው። ዶዘሩ ሲመጣ ክር ልትገዛ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ከፍርስራሹ ውስጥ የስፌት መኪናዋ እግር ብቻ ይታያል። ልጅ የላት፣ ወራሽ የላት፤ እሷ ከሞተች ክሱን የሚይዝላት ሰው የለም። ይህንን አጎቴ አሳምሮ ያውቃል።

እሑድ ምሳ እኛ ቤት በልቶ የልብስ ሰፊዋን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። በማግስቱ ችሎት አለው። ወረቀቶቹን ሳቀብለው አንዷ ላይ ዓይኔ ቀረ። የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ቤቱ በፈረሰ በሳምንቱ ለእሱ የጻፈለት ደብዳቤ ነው፦ «በስሕተት ያፈረስነው የግለሰቧን መኖሪያ መሆኑን እንገልጻለን።»

«ጋሼ፣ ይቺን አንብበሃታል?»

«ለእኔ አይደል የተጻፈችው?»

«ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ምን ስትከራከር ነበር?»

«የተቀጠርኩት ለከተማው ነው፤ ለእሷ አይደለም። ሥራ ስትይዝ ይገባሃል።»

እናቴ ሳህን እያነሳች ነበር። «ድሮም እንዲህ ነው» አለች። «እናታችን ውሃ ቅዳ ስትለው መጣሁ መጣሁ እያለ ያመሻል። መጨረሻ ላይ የምቀዳው እኔ።»

«አንቺ ደግሞ ነገር አታባብሺ።»

«ነገም ቀጠሮ ልትጠይቅ ነው?» አለችው።

«ጡረታዬ ሦስት ወር ነው የቀረው። የሚተካኝ ሰው ይጨርሰዋል።»

«እንግዲያው እነዚህን የምስጋና ወረቀቶችህን አውርድና ይዘህ ሂድ» አለችው፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ግድግዳዬን በእነሱ አላቆሽሽም።»

አጎቴ መዝገቡን አጥፎ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ችሎት ገብቼ ከኋላ ተቀመጥሁ። ልብስ ሰፊዋ ከፊት ወንበር ላይ ናት፤ ወፍራም መነጽር አድርጋለች። ተራው ሲደርስ ዳኛው ቀና እንኳ ሳይሉ ለጸሐፊዋ ያስጽፉ ጀመር፦ «የተከሳሽ ነገረ ፈጅ ተጨማሪ ጊዜ በመጠየቃቸው...»

«አልጠየቅሁም» አለ አጎቴ።

ጸሐፊዋ መጻፏን አቆመች።

«ተከሳሽ ክሱን ያምናል። ቤቱ የፈረሰው በስሕተት ነው፤ ማስረጃው ይኸው።»

«ሥልጣን አለዎት?»

«ውክልናዬ ላይ ማመን ይችላል ይላል፣ ክቡር ፍርድ ቤት። እስከ ዛሬ ተጠቅሜበት አላውቅም።»

ዳኛው ደብዳቤውን ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ ምትክ ቤት ሠርቶ እንዲያስረክባት ወሰኑ። ሁሉም ከግማሽ ሰዓት አልበለጠም። ዘጠኝ ዓመት ያንገላቷት ለግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። 

ኮሪደሩ ላይ ልብስ ሰፊዋ ወደ እኔ ቀርባ ቆመች፤ ችሎቱ የተናገረው አልገባትም ነበር። «ልጄ፣ ዛሬ ለመቼ ቀጠሩን?»

«አልቋል እትዬ። ፈረዱልዎ። አምነዋል።»

«ምኑን?»

«በስሕተት እንዳፈረሱት። ያኔውኑ የተጻፈ ደብዳቤ ነበር።»

 «ያኔማ ክር መርፌ ውስጥ አስገባ ነበር» አለች። «አሁን ቤት ቢሰጡኝ ምን ልሰፋበት ነው?»

አጎቴ ከኋላችን ደርሶ «እናቴ፣ ደረጃው አይመችም፣ ልደግፍዎ» ብሎ ክንዷን ያዘ። ድምፁን ስትሰማ ማን እንደሆነ ለየችው። ክንዷን አስለቀቀች፤ ግድግዳውን እየዳበሰች አንድ በአንድ መውረድ ጀመረች።

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ላብ አውጥቷል። ጎበዝ እንድለው እንደሚጠብቅ ገባኝ። አልፌው ወረድሁና ከልብስ ሰፊዋ በታች ባለው ደረጃ፣ ብትወድቅ እንድይዛት፣ በእሷው እርምጃ ሄድሁ።