ሸሚዙ የማይይዘው ሰው

ደብሪቱ ክፉ ነገርን ደጅ ድረስ ወጥታ የምትቀበል ሴት ነበረች። ዳንግላ ላይ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር እሷ መብረቅ ለሚመታው ሰው አስቀድማ ታዝን ነበር። ልጇ አዝመራው ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየ ወንዝ ወስዶታል፤ ካስነጠሰ ሳንባው ተነክቷል። ወታደር ልሆን ነው ያላት ቀን ደግሞ ገበያ ወርዳ ብዙ ክንድ ነጭ አቡጀዲ አስቀድዳ ገዛችና ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም። ጎረቤቷ ዋጋዬ ግን አንድ ቀን ሣጥኑ ተከፍቶ አየችና፣

"አንቺ ሴት! ልጁ ገና ጫማ ሳይታደለው ትገንዢዋለሽ እንዴ?" ብላ ሳቀችባት።

ዋናው ጠላቷ ግን ፈረስ ነበር። ባሏ ደሴ የሞተው በጥር ጊዮርጊስ ፈረስ ሲጋልብ ወድቆ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብሪቱ እግሯን እርካብ ውስጥ አላስገባችም፤ ሴቱም ወንዱም ለቅሶ ሲደርስና ገበያ ሲወጣ ፈረስ ላይ በሚቀመጥበት አገር እሷ በእግሯ ትሄድ ነበር። አዝመራው ደግሞ ልታስተወው ያልቻለችው የአባቱ ልጅ ሆነ። ቦራ የሚባለውን ግንባረ ነጭ ፈረሱን ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያሳደገው እሱ ነው፤ በአገውኛ እያናገረ፣ በአገውኛ እየተቆጣ። ወደ ጦሩ ሲሄድ "ቦራን አደራ" ብሏት ነበርና፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሣሩን በረጅም እንጨት እየገፋች ከሩቅ ቀለበችው።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት በመስከረም መጨረሻ፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ውዱ የሚባል የጥርባ ገበሬ ደጇ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። በሬ ተወስዶበት ለአውራጃው ገዥ ሊያመለክት ነበር ዳንግላ የመጣው፤ ወደ ዳንግላ መሄዱን ሲያውቅ አንድ ወታደር ደብዳቤም ሰጥቶታል።

"ሞተ?" አለችው፣ ገና ሰላም ሳትለው።

"ኧረ አልሞተም።"

"እግሩ ተቆረጠ?"

"እግሩም ደህና ነው፣ እመት። መሞቱን ተዉትና ይቀመጡ።"

ውዱ የነገራት ይህን ነው። ጥርባ ላይ፣ እዚያ ካለው ሐይቅ አፋፍ፣ በሻምበል ሀብቱ የሚመራ ጦር ሰፍሯል። ፈረንጆች አዲስ የሠሩትን የብረት ሸሚዝ አምጥተው ስድስት ወታደሮችን አለበሱ። ሸሚዙን የለበሰ ሰው አይደክመውም፣ አይበርደውም፣ አይፈራም።

"መጀመሪያ እግዜር ይስጣቸው ብለን ነበር" አለ ውዱ። "ክረምት ላይ ናዳ ቤት ሲጫን መጡና ጎጆ የሚያህለውን ድንጋይ እንደ ድንች ለቅመው ጣሉት። ሽፍታውንም ጥይት ሳይተኩሱ እንደ ዶሮ ይዘው አመጡት። ከዚያ ማር አሉን፤ ሰጠን። ከዚያ በግ አሉን፤ ሰጠን። ባለፈው ደግሞ በሬዬን ፈቱት። 'የእርሻ በሬዬ ነው' ብል አንደኛው በአንድ እጁ አንሥቶ አጥር ላይ አስቀመጠኝ። አልመታኝም፤ ክፉም አልተናገረኝም። እንደ እንስራ አንሥቶ አስቀመጠኝ። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።"

"አንደኛው ማነው?"

ውዱ መሬት መሬት አየ። "ደብዳቤውን ያንብቡት እስቲ።"

ደብዳቤውን የጻፈው ክንዴ የተባለ የአዝመራው ጓደኛ ነው። ከሰላምታው በኋላ እንዲህ ይላል፦ "ፈረንጆቹ ሸሚዙ በየማታው ይውለቅ ብለው አስጠንቅቀው ነበር። ሻምበላችን ግን ማውለቅ ተዉ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሰባት ቀን ሙሉ ያላወለቀ ሰው ከሸሚዙ አይለይም ይባላል። አዝመራው ባለፈው ረቡዕ ጠዋት እንደ ለበሰው ነው። የፊታችን ረቡዕ ጠዋት ሰባት ይሞላዋል። በዚያው ቀን ግምጃ ቤት ከተማ ወደሚውለው ገበያ ወርደው የወደዱትን ሊወስዱ ተስማምተዋል። እኔ ብለምነው አልሰማኝም። ምናልባት እናት ብትመጣ ብዬ ነው።"

ደብሪቱ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ለመንገድ ተነሣች። አውቶቡሱ ጭቃ ይዞት ከቆመ ሦስት ቀኑ ነበር፤ በቅሎ የሚያከራይም አልተገኘ። አቡጀዲውን ከሣጥኗ አወጣች፣ ስንቋን ቋጠረች፣ ጎረቤቷን አያ ዓለምነውን ጠርታ ቦራን እንዲጭንላት ለመነችው።

"ተመስገን፣ ልትቀመጪበት ነው!" አላት ኮርቻውን እያጠበቀ።

"እጎትተዋለሁ እንጂ አልቀመጥበትም።"

"ታዲያ ኮርቻው ለምንሽ ነው?"

"ለልጄ። ፈረሱን ሲያይ አገሩ ትዝ ይለዋል።"

አያ ዓለምነው ራሱን ነቀነቀና ልጓሙን አስያዛት። እሷም የልጓሙን ገመድ እስከ ጫፉ ድረስ ለቀቅ አድርጋ፣ በተቻላት መጠን ከፈረሱ ርቃ መንገድ ጀመረች። መንገደኛው ሁሉ ሳቀባት። "እመት፣ ፈረሱ ታሟል ወይስ እርስዎን ያፍራል?" አላት አንዱ። ሌላዋ ደግሞ ከበቅሎዋ ላይ ሆና፣ "ከደከመው እዘዪው እንጂ እህቴ!" አለቻት። ደብሪቱ ገመዱን ይዛ መራመዷን ቀጠለች። በልቧ ቀን ትቆጥር ነበር። እንጅባራ ዘመድ ቤት አደረች፤ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ጥርባ ደረሰች።

ከጦሩ ሰፈር በር ላይ ቀጭን ወታደር ጭልፋ ይዞ ቆሟል።

"የአዝመራው እናት ነዎት አይደል? ክንዴ ነኝ። መንገድ ላይ ምን አገኘዎት ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ስጨነቅ አደርኩ። ወንዙ ሞልቶ ይሆን? ጅብ? ደግሞ ጫማዎ…"

ደብሪቱ ደንግጣ አየችው። በሕይወቷ እንደ እሷ የሚናገር ሰው አጋጥሟት አያውቅም።

"አንተን ለምን አላለበሱህም፣ ልጄ?"

"አልብሰውኝ ነበር እኮ። ሦስት ጊዜ ሞከሩ። ሲዘጉት ይከፈትና ዘጭ ይላል። ፈረንጁ ሳቀና፣ 'ይኼ ሰው ይፈራል፤ የሚፈራን ሰው ሸሚዙ አይይዘውም' አለ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ሰደዱኝ።"

"ምን ትፈራለህ?"

"ምን የማልፈራው አለ? መብረቅ እፈራለሁ፣ ሻምበሉን እፈራለሁ። እህቴ እርጉዝ ናት፤ ምን ትሆን ይሆን እያልኩ እፈራለሁ።"

"የተባረክ ልጅ" አለች ደብሪቱ፣ ከልቧ።

ስድስቱ ሸሚዝ ለባሾች አፋፉ አጠገብ በሰልፍ ቆመዋል። ሸሚዙ ከአንገት እስከ ጉልበት እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ግራጫ ብረት ነው፤ ቁልፍ የለው፣ ስፌት የለው። ድምፃቸው የሚወጣው ከአፋቸው ሳይሆን አንገትጌው ላይ ካለ ወንፊት ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ወደ እሷ መጣ። በአካሄዱ ሳይሆን በጆሮዎቹ ነው ያወቀችው።

"እማዬ። መጣሽ።"

አልሳመችውም፤ የሚሳም ቦታ አጣች። "ከስተሃል። በልተሃል? ይኼ ብርድ አንጀትህ ገብቶ…"

"አይበርደኝም። አይርበኝም። ምንም ሐሳብ የለብኝም።" ድምፁ ከፍ ዝቅ አይልም። "ነገ ግምጃ ቤት እንወርዳለን። ከነገ በኋላ አንቺም አትቸገሪም። የፈለግሽውን ያመጡልሻል።"

"እነማን?"

"ሁሉም።"

"አንሰጥም ቢሉስ?"

"አንሰጥም የሚል የለም" አላት በደግነት። ያ ደግነቱ ከቁጣ ይልቅ አስፈራት። ቢሰድባት ልጄ ታሟል ትል ነበር። ይኼ ግን ከሕመም የባሰ ጤና ነው።

የቀራትን አንድ ነገር አወጣች። ቦራን ጎትታ ፊቱ አቆመችው። "እየው፣ ማን እንዳመጣሁልህ! ያንተው ቦራ!"

ቦራ ጆሮዎቹን አስተኝቶ አንኮራፋ፤ ከብረቱ ሸሸ። አዝመራው ፈረሱን እንደ አጥር እንጨት አየው። ከኋላው ሻምበል ሀብቱ፣ ሸሚዙን ሳያወልቅ ዘጠነኛ ቀኑን የያዘው ረጅሙ ሰው፣ "ጥሩ ፈረስ ነው። ለጦሩ ይግባ" አለ።

"እሺ ጌታዬ" አለ አዝመራው፤ እጁንም ወደ ልጓሙ ዘረጋ።

"አዝመራው! ቦራ ነው እኮ!"

"ፈረስ ነው፣ እማዬ። ልቀቂው።"

በዚያች ቅጽበት ደብሪቱ ምን እንደነካት በኋላ ራሷም ልታውቀው አልቻለችም። አጠገቧ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ላይ ወጣች፣ ዐይኗን ጨፈነች፣ ከሃያ ዓመት በኋላ እግሯን እርካብ ውስጥ ከተተችና ኮርቻው ላይ ዘጭ አለች።

"እንግዲያው ከነእኔ ውሰደው!"

የብረቱ እጅ ልጓሙን ሊነካ ሲል ቦራ በሁለት እግሩ ቆመ። ከዚያ ፈረጠጠ፤ የፈረጠጠውም ወደ አፋፉ ነው።

ደብሪቱ የፈረሱን ጋማ በሁለት እጇ ጨበጠች። ከፊቷ መሬቱ ያልቃል፤ ከመሬቱ ማለቂያ በታች ሐይቁ ጥቁር ሆኖ ተኝቷል። "ይኸው፣ ብዬ ነበር" አለች በልቧ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ዕድሜ ልኳን ስትጠብቀው ኖራ አሁን ሲመጣ የተገረመች አትመስልም።

ከኋላዋ ያ ጠፍጣፋ ድምፅ "ቁም። ቁም" አለ። ቦራ ይብሱን ሮጠ። ቀጥሎ ብረት ድስት ከቁም ሣጥን ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ከዚያ ሌላ ድምፅ፣ የተሰነጠቀ፣ የሚንቀጠቀጥ፦

"እማዬ! ኧረ እማዬን!"

ወዲያው በአገውኛ መጮህ ጀመረ። ያ ቦራ ውርንጭላ ሳለ ሰብል ሲገባበት ይቆጣው የነበረው ቁጣ ነበር። ቦራ ጆሮውን ቀሰረ። አራት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። ከእግሩ ሥር ጠጠር ተንሸራተተ፤ ውሃው ላይ ሲወድቅ የተሰማው ብዙ ቆይቶ ነው።

አዝመራው ደርሶ ልጓሙን ያዘ። ከወገቡ በላይ ራቁቱን ነው፤ ገላው ላይ የብረቱ ቅርፊት ምልክት ቀርቷል። ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ ዕንባው ይወርዳል፣ ደግሞም ይቆጣታል።

"አብደሻል? አባቴ ምን እንደገደለው ረሳሽው? ፈረስ በማታውቂበት! ያውም ገደል አጠገብ! እርካቡ ላይ እግርሽ ቢቀረቀርስ? ብትወድቂስ? እኔ ማን አለኝ?"

ደብሪቱ ኮርቻው ላይ ሆና እንደ መዝሙር አዳመጠችው። "ተቆጣኝ ልጄ" አለችው። "ተቆጣኝ፣ አታቋርጥ።"

ካወረዳት በኋላ ሁለቱም ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ከቋጠሮዋ አቡጀዲውን አወጣችና ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

"የምን ጨርቅ ነው ይኼ?" አለ እየተንቀጠቀጠ።

"የትራስ ልብስ።"

"ለስንት ትራስ ነው ይኼ ሁሉ?"

"ዝም ብለህ ልበሰው አንተ!"

ክንዴ እንፋሎቱ የሚትጎለጎል የገብስ አጥሚት ይዞላቸው እየሮጠ መጣ፤ እየሮጠም "ቀስ ብላችሁ፣ ያቃጥላል" ይል ነበር። አዝመራው ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ፣ "ሸሚዙ ውስጥ መኖር ጣፋጭ ነበር እኮ፣ እማዬ" አላት ዝግ ብሎ። "እንቢ የሚለኝ ሰው አልነበረም። የምጨነቅለትም አልነበረም። ሰው ሁሉ እንደ ዕቃ ይታየኝ ነበር። አንቺንም።" ከዚያ ፊቱን አዞረ። "የዚያን ሰውዬ በሬ እመልሳለሁ። ከደመወዜም ቢሆን።"

ቀና ሲሉ አራቱ ጓደኞቹም ሸሚዛቸው ከእግራቸው ሥር ወድቆ፣ ደረታቸውን አቅፈው ብርዱን ይከላከሉ ነበር። ፈረሱ ወደ ገደሉ ሲሮጥ እያንዳንዳቸው በላዩ ላይ ያዩት የገዛ እናታቸውን ነው። አንደኛው እስካሁን "ወይኔ፣ ወይኔ" ይላል።

ሸሚዙን እንደ ለበሰ የቀረው ሻምበል ሀብቱ ብቻ ነበር።

"ልበሱ" አለ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እንቢ ያለውም የለም። ሻምበሉ ግራ የገባው ይመስል ከአንዱ ወደ ሌላው አየ።

ደብሪቱ ቀሚሷን አራግፋ፣ የደረሳትን አጥሚት ይዛ ተነሣች። አዝመራው ክንዷን ያዛት። "እማዬ፣ ተይው! በአንድ እጁ ያነሣሻል! ተመለሽ፣ ምን ያደርግሽ ይሆን…" እሷ ግን እጁን ዳበስ አድርጋ አስለቀቀችውና ወደ ሰውዬው ሄደች።

"ሻምበል፣ ምሳ በልተዋል?"

"አይርበኝም።"

"ዘጠኝ ቀን ሙሉ? ጨጓራዎ ተላጠ በሉኛ። ደግሞ እዚህ ነፋስ ላይ። ልጅ አለዎት?"

"አለችኝ። ሴት።"

"ስንት ዓመቷ ነው?"

"ስምንት።"

"ስምንት! አሁን ማን እያያት ነው? ግቢያችሁ ውስጥ የውሃ ጉድጓድ አለ?"

"አለ።"

"ክዳን አለው?"

ሻምበል ሀብቱ አፉን ከፈተ። ነፋሱ ከሐይቁ ተነሥቶ ሣሩን አስተኛው።

"አላውቅም" አለ። ከወንፊቱ ሳይሆን ከአፉ ነው። "ክዳኑ… ስመጣ ተሰብሮ ነበር። እጠግነዋለሁ ብዬ…"

አንገትጌው ላይ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ከሰባት ቀን በኋላ አይለይም የተባለው ሸሚዝ አንዲት ጣት ታህል ተከፈተ።

"ልጆችም ደግሞ መጎንበስ ይወዳሉ" አለች ደብሪቱ፣ አጥሚቱን እየዘረጋችለት። "በዚያ ላይ ይኼ ሰሞን ጉድጓዱ ሁሉ ሞልቶ ነው ያለው። የልብስ ማጠቢያ አጠገብ ከሆነማ ድንጋዩም ያንሸራትታል…"

አዝመራው አቡጀዲውን እስከ አገጩ ተከናንቦ፣ ከስንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

"ጌታዬ፣ ቢያወልቁት ይሻላል" አለ። "እሷ ከጀመረች አታቆምም።"