አፈሙዙ እስኪበርድ

ኡርጂ ያን ቀን ጠዋት ከእንጦጦ ግርጌ ወዳለው የተኩስ ሜዳ ስትወጣ ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። መንታ እህቷ ሰኚ ጎህ ሲቀድ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገብታለች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ስላስወረዳት ቤተሰቡ ሁሉ ፈርቷል። «አንቺ ሂጂ፣ እኔ አለሁ» ብሎ የላካት የሰኚ ባል ገላና ነው። ለተኩስ ክለቧ ቡድን አንድ ሰው የሚመረጠው ዛሬ ነው፤ ኡርጂ ደግሞ ለዚህ ቀን ስትለፋ ከርማለች።

መጨረሻው ዙር ላይ ከተፎካካሪዋ ከሄለን ጋር እኩል ነበሩ። አሰልጣኙ ጋሽ ወልደሰንበት ጠመንጃውን በየጥይቱ መሃል እንዲያሳርፉት አስጠንቅቀዋቸዋል፤ አፈሙዙ ከጋለ ጥይቱ ኢላማውን ይስታል። ሄለን አንድ ተኩሳ ታርፋለች፣ ውሃዋን ትጎነጫለች። ኡርጂ ግን ቶሎ ጨርሳ መሄድ ፈለገች። አከታትላ ተኮሰች። የመጨረሻው ጥይት ከኢላማው ክብ በላይ አረፈ።

ጋሽ ወልደሰንበት መጥተው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ። «በቃ፣ አስቀምጪው።»

ጠመንጃውን አሸዋ የሞላው ከረጢት ላይ አጋደመችው። ከአፈሙዙ በላይ አየሩ ይርገበገባል። በእጇ ጀርባ ነካችው፤ ለበለባት። ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ መልሳ ነካችው። ያው ነው።

«ጋሼ፣ ስልኬን ይስጡኝ።»

«ደንቡን ታውቂዋለሽ። ስልክ ከያዝሽ ከውድድሩ ወጣሽ። ትንሽ ታገሺው፣ ይበርዳል። ገና ታሸንፊያታለሽ።»

«አውቃለሁ። ይስጡኝ።»

አየት አደረጓትና ስልኮቹ የተቆለፉበትን ሳጥን ከፈቱላት።

ገላና ደጋግሞ ደውሏል። መልሳ ደወለችለት። «የት ጠፋሽ? ኦፕራሲዮን ሊያስገቧት ነው፤ ኡርጂን ካላናገርኩ አልገባም ብላለች።»

ከዚያ የሰኚ ድምፅ መጣ። «ኡርጂ፣ ፈራሁ።»

«እየመጣሁ ነው። አንቺ ግቢ፤ ስትወጪ በሩ ላይ ታገኚኛለሽ።»

ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደች። ከኋላዋ የሄለን ተኩስ ረጋ ብሎ፣ ቆየት እያለ ይሰማል። ሾላ ገበያ አጠገብ መንገዱ ሲዘጋ ከታክሲው ዘላ ወርዳ፣ የሽንኩርት ጆንያ በተሸከሙ ሰዎች መሃል እየተሽሎከለከች በእግሯ ቀጠለች።

ሰኚን በተሽከርካሪ አልጋ ሲያወጧት ደረሰች። ገላና እያለቀሰ ሕፃኗን አሳቀፋት። ሴት ናት፤ ደህና ናት።

«ውድድሩስ?» አለች ሰኚ፣ ምላሷ ገና እንደተሳሰረ።

«ሄለን አለፈች።»

ሰኚ የኡርጂን እጅ ፈልጋ ያዘች። ኡርጂ ሕፃኗን ታቅፋ እንኳ ሄለን ላይ ቀናች። ቢሆንም እህቷ እጇን እንደያዘች እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ ከአጠገቧ አልተነቃነቀችም።