የፓራስካ ድርሻ

ኦርሲያ እሑድ እሑድ የምታበስለው የሳምንቱን ምግብ በሙሉ ነበር። ድንቹን በቅቤና በወፍራም ክሬም ትፈጨዋለች፤ የቀይ ሥር ሾርባው ላይ የዱቄት ወተት ትበጠብጥበታለች፤ ሩዝና የተፈጨ የአሳማ ሥጋ በጎመን ቅጠል ትጠቀልላለች። አባቷ ዋሲል ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ትልቅ ሳህን ሲያዩ ሳይቀምሱ ይጠግባሉ። ስለዚህ ሁሉንም እፍኝ እፍኝ በሚይዙ ዕቃዎች ከፋፍላ፣ ክዳናቸው ላይ ቀን ጽፋ፣ እሳቸው ብቻቸውን ወደሚኖሩበት የእርሻ ቤት ወስዳ ፍሪዘር ውስጥ ትደረድርላቸዋለች። ትንሽ ይሁን፣ ግን ኃይል ይኑረው ብላ የመከረቻት አባቷን የምትከታተለው ነርስ ናት።

ዕቃዎቹ በየሳምንቱ ባዶ ሆነው፣ ታጥበው ይጠብቋታል። አባቷ ግን መነመኑ። በጥር ሲመዘኑ አርባ ዘጠኝ ኪሎ ሆኑ። ነርሷ በእርግጥ ይበላሉ ወይ ብላ ስትጠይቅ ኦርሲያ ተቆጣች፤ ባዶውን ዕቃ በዓይኔ አያለሁ አለቻት። በሚቀጥለው እሑድ ቅቤውን እጥፍ አደረገችው።

አንድ ረቡዕ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ማሞቂያው ተበላሽቶ ተዘጋ። ሳትደውል ወደ አባቷ ነዳች፤ ቀትር ላይ በማድ ቤቱ በር ገባች። አባቷ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ምንም ምግብ የለም። ትኩሱ ድንች ከወዲያ፣ ከባዶው ወንበር ፊት ይጨሳል።

«ቀስ ብለሽ ብዪ» ይላሉ ወደ ወንበሩ። «ማንም አይቀማሽም።»

ኦርሲያ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። ማንን ነው የምታናግረው ስትላቸው አልደነገጡም።

«ፓራስካን ነዋ።»

ስሙን የምታውቀው ከመቃብር ቦታ፣ ከአንዲት አጭር የብረት መስቀል ላይ ብቻ ነበር። የአባቷ ታናሽ እህት ናት። አባቷ ስለሷ ተናግረው አያውቁም፤ ያን ቀን ግን ተናገሩ። ድርቁ ስንዴውን የጨረሰበት ዓመት ነበር። አባታቸው ሥራ ፍለጋ ሄዷል፣ እናታቸው ታማ ተኝታለች። እሳቸው ሰባት ዓመታቸው፣ ፓራስካ አምስት። በቀን አንድ አንድ ድንች ይደርሳቸው ነበር።

«የሷን በላሁባት» አሉ። «አንድ ቀን አይደለም፤ የበረዶውን ወራት ሙሉ። ለእማዬ አልተናገረችብኝም። በየካቲት ሞተች።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዘንድሮ ከአጨዳ ወዲህ ቀትር ቀትር ትመጣለች። እሷ ሳትጠግብ እንዴት አድርጌ ልዋጠው?»

ኦርሲያ በመስኮት አየች። ከእንጨት ማከማቻው ጀርባ፣ በረዶው ላይ፣ የወራት ምግብ ቀይና ነጭ ሆኖ ተደራርቦ ደርቋል። ዙሪያውን የቀበሮ ዱካ ነው።

የለችም ልትላቸው አፏን ከፈተች። ወንበሩን አየችና ተወችው።

«አባዬ፣ ለሷም እኔ እሠራላታለሁ» አለች። «የሷ የሷ፣ ያንተ ያንተ። ካንተ ላይ እንድትሰጣት አልፈልግም።»

«ይበቃታል?» አሉ።

«ይተርፋታል።»

ሌላ ዕቃ አሙቃ ፊታቸው አደረገችላቸው። አራት ማንኪያ በሉ፤ በእያንዳንዱ ማንኪያ ፈቃድ እንደሚለምን ሰው ቀና ብለው ወንበሩን እያዩ።

ከዚያ ወዲህ የሁለት ሰው ታበስል ጀመር፤ ክዳኖቹ ላይም ስም ትጽፋለች። በሚያዝያ አባቷ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ደረሱ። ነርሷ ደስ ብሏት ምን አድርገሽ ነው ስትላት፣ ቅቤ ነው አለቻት።

በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ ሾርባው ላይ ቁንዶ በርበሬ ልትነሰንስ እጇን ዘርግታ ቆመች። የአምስት ዓመት ልጅን ያቃጥላታል ብላ አሰበች። ያሰበችው ለማን እንደሆነ ያኔ ገባት።

ቁንዶ በርበሬውን ግን ወደ መደርደሪያው መለሰችው።